በጆሮ የተሰየሙ ፋይሎች

የሥራ ባልደረቦቿ «መቀስ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ድምፅ በቴፕ ክር ይቀዳ በነበረበት ዘመን ነው። የእንግዳን ሳል፣ የጋዜጠኛን «እ... እ...» ከክሩ ላይ ቆርጣ ስትጥል የተቆረጠበትን ቦታ የሚያገኝ ሰው አልነበረም። ክሩ ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣም ስሙ አልለቀቃትም። በዚያ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ስታቀናብር ሃያ ስድስት ዓመት ሞላት።

ዓይኗ መክዳት የጀመረው ከዳር ነው። መጀመሪያ የበሩን መቃን በትከሻዋ መግጨት አመጣች፤ ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት እየተሰወረባት ሄደ። ለማንም ሳትናገር ዓመት ያህል ቆየች። በኋላ ሐኪሙ «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውም ቀስ እያለ ይሄዳል» ሲላት፣ አብራት የሄደችው ልጇ አለቀሰች። መቀስ ግን፣

«ጆሮዬስ?» አለች።

«ጆሮዎ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። እሱንም ወረቀቱ ላይ ይጻፉልኝ።»

ወረቀቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሲደርስ አስጠራት። በዕድሜ ብዙ የምትበልጠው፣ ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው ነው።

«እትዬ፣ እንዳይጉላሉብን ብለን ነው። ስልክ መቀበያው ጋ ጥሩ ወንበር አለ፣ አረፍ ብለው...»

«እስከ ዛሬ ቆሜ ነው እንዴ የሠራሁት?»

«ይሄ ዓይን የሚፈልግ ሥራ ስለሆነ እኮ ነው።»

«የምሠራው ድምፅ ነው። ድምፅ ያየ ሰው ካለ ያምጡልኝና እጅ እነሳለሁ።»

እሱም አፍሮ የመሞከሪያ ሦስት ወር ሰጣት።

ልጇ የመድኃኒት ባለሙያ ናት። ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ እየጮኸ የሚያነብ ፕሮግራም አምጥታ ጫነችላት። የመጀመሪያው ቀን ጉድ ፈላ። ከአሥራ አንድ ሺህ የሚበልጡ ፋይሎቿን ፕሮግራሙ ተራ በተራ ይጠራቸው ጀመር፦ «አዲስ አንድ። አዲስ ሁለት። የመጨረሻ። የመጨረሻ የመጨረሻ። እውነተኛው የመጨረሻ።» በጣቢያው ደንብ የተሰየሙት ደግሞ ባሱ። ደንቡ ቀን ይቀድማል ስለሚል፣ ማን እንደሚናገር ለማወቅ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን፣ የመቅጃውን ቁጥር ሰምቶ መጨረስ ያስፈልጋል።

«ይሄ የእስረኛ ቁጥር እንጂ ስም አይደለም» አለች ማዳመጫውን ከጆሮዋ እየነቀለች።

«እማዬ፣ መፈለጊያው ላይ ጻፊና ኮምፒውተሩ ይፈልግልሽ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ? ‹የመጨረሻ› ብዬ? ተይው፣ እንደ አዲስ ስም ላወጣላቸው ነው።»

ማታ ቤታቸው፣ ምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው ሕግ አወጡ። በስሙ መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ቃል ድምፁ ራሱ ይሁን፦ «ዝናብ፣ ቆርቆሮ ላይ»፤ «ሳቅ፣ የሕፃናት»፤ «ቃለ ምልልስ፣ የድልድይ መሐንዲስ»። ቀን መጨረሻ ይምጣ፤ ያልፈለገችው ፋይል ከሆነ በመጀመሪያው ቃል አልፋው ትሄዳለች። ፎልደሮቹ ከሰባት አይብለጡ፤ እያንዳንዳቸው በተለያየ ፊደል ይጀምሩ፣ አንድ ቁልፍ ስትነካ ሰተት ብላ እንድትገባ። ፎልደር ውስጥ ፎልደር ደግሞ በፍጹም! «ደረጃ ስወርድ ስወርድ የትኛው ምድር ቤት እንዳለሁ ሊጠፋኝ ነው» አለች። ስም ያልወጣለትን ሁሉ «ያልተሰማ» የሚል ፎልደር ውስጥ ከተተች፤ እሱንም በየሳምንቱ አርብ ባዶ ልታደርገው ለራሷ ቃል ገባች።

ሥራው አንጀት የሚያሳርር ነበር። ከእያንዳንዱ ፋይል ትንሽ ትሰማለች፣ ትሰይማለች፣ ቀጣዩን ትከፍታለች። አንድ ቀን ለሁለት ቃለ ምልልሶች አንድ ስም ሰጥታ አንዱን በሌላው ደመሰሰችው። ያን ቀን ኪቦርዱን ገፍታ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ቆየች። በማግስቱ መጀመሪያ ሁሉንም ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠች፤ ከዚያ ካቆመችበት ቀጠለች።

የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ይህን ሲሰማ እየተንጨረጨረ መጣ። አብሯት የተቀጠረ እኩያዋ ነው።

«ሁሉም የራሱን ደንብ ካወጣ ጣቢያው ገበያ ሆነ ማለት ነው! ቀን ይቀድማል ተብሎ በደብዳቤ ተጽፏል።»

«የጻፈው የሚያይ ሰው ነው።»

«ታዲያ ላንቺ ሲባል ደንብ ይሻር?»

«ማን ሻርልኝ አለህ? የአንተን ማከማቻ አልነካሁም፤ የእኔንም እንዳትነካ።»

ስሞቹን ወደነበሩበት እንድትመልስ ታዘዘች። ወይ ፍንክች! የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲመጣላት «እኔ የማነበው የሚናገር ወረቀት ነው፤ በኮምፒውተር ይላክልኝ» ብላ ሳትፈርም መለሰችው።

ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል አንጋፋው የኳስ ዘጋቢ አረፈ። ዜናው የተሰማው ረፋድ ላይ ነው፤ ቀትር ላይ ድምፁ መሰማት ነበረበት። ውሻ ሜዳ ገብቶ ኳሷን ይዞ ሲሮጥ ዘጋቢው በሳቅ ፍርስ ብሎ መናገር ያቃተበትን ጨዋታ የማያስታውስ ሰው የለም። ዓመቱን ግን ማንም አላወቀም።

«ቀኑን ንገሩኝ፣ በደቂቃ ላውጣላችሁ» ይላል የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ፣ ላብ እያጠመቀው።

መቀስ ማዳመጫዋን አጠለቀች። አንድ ቁልፍ ነካች፣ ጥቂት ቃላት አለፈች። «ሳቅ፣ የኳስ ዘጋቢ፣ ውሻ ሜዳ ሲገባ» አለ ፕሮግራሙ። ቀትር ላይ ያ ሳቅ ተለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ የሟቹ ባለቤት ደውላ «እባካችሁ አንዴ ድገሙልኝ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ጠራት። አመሰገናት፣ ደጋግሞ አመሰገናት፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሁን እንግዲህ ይህን ዘዴ ለመዝገብ ክፍሉ ያስረክቡና፣ እርስዎ በሰላም ወደ ስልክ ክፍሉ...»

«ፋይሎቹ የጣቢያው ናቸው፤ ዛሬውኑ ይገልብጡ። ሕጉንም ጽፌ እሰጣለሁ። ወንበሬን ግን አላስረክብም። የዝውውር ደብዳቤ ከጻፉብኝ ፍርድ ቤት እንገናኛለን። እዚያም ቢሆን ማስረጃዬን በአንድ ቁልፍ ነው የማወጣው!»

 ሥራ አስኪያጁ «ለጊዜው ባሉበት ይቆዩ» አላት። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል አልወደደቻትም፤ ይሁን እንጂ እዚያው ወንበሯ ላይ እንዳለች ሁለት ዓመት አለፋት። አሁን የሚታያት የመስኮቱ ብርሃን ብቻ ነው። የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ ዛሬም በየስብሰባው «ቀን ይቀድማል» ይላል፤ እሷም በየስብሰባው «ድምፁ ይቀድማል» ለማለት እጇን ታወጣለች።