የተቆለፈ የመሰለኝ ፎልደር

እናቴን ስዋሻት ከርሜያለሁ። ወንድሟ አያ ዓለሙ ጉንደ ወይን ላይ ሲያርፍ፣ እሷ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት በልብ ሕመም ተኝታ ነበርና፣ «ትንሽ ታገግምና መርዶው ይነገራታል» ብለን ተማከርን። ከቀብር ስመለስ ጥቁር ልብሴን ጎረቤት ቤት ቀይሬ ገባሁ።

«አያ ዓለሙ ደህና ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል» አልኳት።

የቀብሩን ቪዲዮ የቤቱን ዋይፋይ በሚያሰራጨው ራውተር ላይ በተሰካው ሃርድ ዲስክ አስቀመጥሁት። እናቴም በሳሎኑ ቴሌቪዥን መዝሙር የምትከፍተው ከዚሁ ዲስክ ነው፤ የእኔ ፎልደር ግን በይለፍ ቃል የተቆለፈ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ላፕቶፔ ፎልደሩን አልከፍትም አለኝ። ገመዱን ነቅዬ ብሰካው፣ ራውተሩን አጥፍቼ ባበራው ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራውን የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ ስከፍት ክው አልሁ። ፎልደሩ ለማንም ክፍት ነው። ላፕቶፔ እምቢ ያለው ይለፍ ቃል የሌለውን ፎልደር ስለማያምን ነበር። ቴሌቪዥኑ ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አያውቅም። ወዲያው በይለፍ ቃል ቆለፍሁት።

«ተመስገን፣ ሳታየው ደረስሁ» ብዬ ሳልጨርስ እናቴ ከሳሎን ተጣራች።

«አንቺ ልጅ! ምኑን ነካካሽብኝ?»

«ምነው እማዬ? መዝሙሩ ጠፋ?»

«መዝሙሩስ አለ። የአያ ዓለሙ ቀብር ነው የጠፋብኝ። አንቺ ሥራ ስትሄጂ እሱን እያየሁ ነው የማለቅስ፤ መልሽልኝ።»