ዊዳድ የቀደመችበት መዝሙር

የሊባኖሷ ከተማችን የዛህሌው ታክሲ ነጂ ነኽሌ፣ ሚስቱ ዊዳድ ከሞተች ወዲህ የገናን ስም አታንሱብኝ ይል ነበር። ከገና ሦስት ሳምንት በፊት፣ በቅድስት ባርባራ ዕለት፣ ሁላችንም ለጌታ ግርግም ማስጌጫ የሚሆን ስንዴ እርጥብ ጥጥ ላይ ስንዘራ፣ እሱ በሩን ዘግቶ ዋለ። እኔ ጎረቤቱ ተናደድኩ።

ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተሳፍሬ፣ እኔ ከፊት ተቀምጬ፣ ከገበያ በታክሲው ስመለስ፣ ዝምታው አንገሸገሸኝና የካሴቱን ቁልፍ ተጫንኩት።

«ጆርጄት፣ ተይ ብያለሁ!»

«ነዳጅህን አልጠጣሁብህ! ዝም ብለህ ንዳ።»

ድሮ በቤተ ክርስቲያናችን የተቀዳው የገና መዝሙር ጀመረ። ሌሎቹ መዘምራን ትንፋሽ እንኳ ሳይስቡ አንዲት ሴት ብቻዋን ቀድማ ገባች። ዊዳድ ናት! ዕድሜዋን ሙሉ እንደቀደመች ነው የዘመረችው፤ ቄሱም ተቆጥተው ተቆጥተው ትተዋታል።

ነኽሌ መንገድ ዳር አቆመ። አለቀሰ ብዬ ዞር ስል፣ ለካ በሳቅ ሊፈነዳ ነው። ካሴቱን ወደ ኋላ መልሶ አብሯት ዘመረ፤ እኔም ተከተልኩ። ከኋላ የተቀመጡት መንገደኞች ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

«ስንዴ ተርፎሻል?» አለኝ እንባውን እየጠረገ።

«አሁን ተዘርቶ መቼ ሊበቅል? ዘገየህ እኮ፣ አንተ ሰው!»

«ግድ የለም። እሷ ስትቀድም ኖራለች፤ እኔ ልዘግይ።»