ልጄ ትንቢት ይባላል

አሰፋች እባላለሁ። ዲላ ተወልጄ ዲላ ያደግኩ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የተቀመጥኩ ሴት ነኝ። ምላሷ መርዝ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። ዛሬ የማወራው ዱመርሶ ከሚባል ገጠር ስለመጣች አንዲት ልጅ ነው፤ ስለ እሷ ሳወራ ግን ራሴን መዝለል አልቻልኩም።

አባቷ አቶ ጴጥሮስ ቡና ገበሬ ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ነው የሚሉት። ልጃቸውን አሥራ አንደኛ ክፍል ሊያስመዘግቡ ብቻቸውን መጡ። ልጅቷ፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ በቆረቆር ምክንያት ጸጉሯን ተላጭታ፣ ሰው ፊት መውጣት አፍራ ቤት ቀርታለች። ፎቶዋን ይዘዋል።

«ልጄ ትንቢት ይባላል። ጎበዝ ነው» አሉኝ።

ፎቶው ላይ ራሱን የተላጨ ልጅ አየሁ። ጾታ በሚለው ቦታ «ወ» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ምን ነበረበት? አልጠየቅኩም። ይባስ ብሎ ሲወጡ አነጋገራቸውን እያስመሰልኩ ጎኔ የምትሠራዋን ልጅ አሳቅኳት።

ትንቢት ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትማር ጀመር። የኔን ቢሮና እነሱ የሚማሩበትን ክፍል የሚለየው የችፑድ ግድግዳ ነው፤ ሳልፈልግም እሰማለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲገቡ የባዮሎጂ መምህሩ ወንድይራድ አንድ ቀን ስለ ሴል አስኳል ሲያስተምር ሥራዬን ትቼ ሰማሁት።

«አስኳሉ ዙሪያውን ታጥሯል፤ በሮች ግን አሉት» አለ። «ጥቃቅኑ ነገር ሳይጠየቅ ሰተት ብሎ ይገባል። ትልቅ ፕሮቲን ግን ገላው ላይ አጭር አድራሻ ሊኖረው ይገባል። አሻጋሪ የሆነ ሌላ ፕሮቲን አድራሻውን ያነብና አቅፎ ያስገባዋል። ውስጥ ሲደርሱ ራን የሚባል ሦስተኛ ፕሮቲን መጥቶ አሻጋሪውን ይይዘዋል፤ ያኔ አሻጋሪው ጭነቱን ጥሎ ከራን ጋር ተመልሶ ይወጣል። ከውስጥ የሚወጣ ፕሮቲንም የራሱ የመውጫ አድራሻና የራሱ አሻጋሪ አለው።»

«አድራሻው ላይ አንድ ፊደል ቢሳሳትስ፣ ቲቸር?» አለች ትንቢት።

«ደጅ ይቀራላ። ፕሮቲኑ ጤነኛ ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። ግን አድራሻው ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ ተለውጣ አሻጋሪው ላያውቀው ይችላል።»

«በሩ አያርመውም?»

«በር ምን አገባው? በር አያርምም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ ይህን ነገር ካልተማርኩ አለች። የአስኳሉን በር እየሳለች ደብተሯን ጨረሰችው። አባቷ ደግሞ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ለትዳር ሰው ጠይቋታል፣ ዘንድሮ ካለፈች ትማራለች፣ ካላለፈች ትዳራለች።

ሚያዝያ ላይ የተፈታኞች ዝርዝር ተለጠፈ። ትንቢት ቢሮዬ መጣች። «እትዬ አሰፋች፣ ወንድ ተብያለሁ» አለችኝ። ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ሲስተም የለም፣ ሰኞ ነይ አልኳት። ሰኞ መጣች፤ ነገ ነይ አልኳት። ሦስተኛ ስትመጣ «ምን ያንቀዠቅዥሻል? አባትሽ እንደተናገሩት ነው የተጻፍሽው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ብዬ አሾፍኩባት። ሲስተሙ ነበረ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር። የገጠር ልጅ ስትመላለስብኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ልዋሽ። የማረሚያው ጊዜ አለፈ።

የፈተናው ዕለት ተማሪዎቹን ወደ መፈተኛው ግቢ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ወንድይራድ ሌላ ቦታ ፈታኝ ሆኖ ተመድቧል። በሩ ላይ የሴት ሰልፍ አለ፣ የወንድ ሰልፍ አለ። ትንቢት ብርድ ልብሷን ተሸክማ ሴቶቹ ጋ ተሰለፈች። ፈታሿ በመዝገቡ ፎቶ የተሠራውን የፈተና መታወቂያዋን አየችና «ይሄ የወንድ ነው፤ ወደዚያ» አለቻት። ወንዶቹ ጋ ያለው ፖሊስ የተላጨውን ፎቶና የተሠራውን ጸጉሯን አስተያየ። «ለወንድምሽ ልትፈተኚለት ነው?» አላት።

«እትዬ አሰፋች ያውቁኛል» አለች ወደ እኔ እያየች።

የፈተና ጣቢያው ኃላፊ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ማለት ነበረብኝ። እንጀራዬን አሰብኩ። «መልኳን አውቀዋለሁ» አልኩ፤ «መዝገቡ ግን ወንድ ነው የሚለው። አባቷ ናቸው እንዲያ ብለው ያስመዘገቡት።»

ኃላፊው አባቷ ጋ ደወለ፤ የስልኩን ድምፅ ለሁላችንም ከፈተው። ትንቢት የሚባል ልጅ አለዎት ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

«አዎ፣ ልጄ ነው» አሉ አቶ ጴጥሮስ በደስታ። «ጎበዝ ነው። አስገቡት፣ ይፈተን።»

«ይኸው፣ ወንድ ነው» አለና ዘጋባቸው።

«አባዬ ሁሉንም እንደዚህ ነው የሚለው» አለች ትንቢት። «ላሟንም፣ እናቴንም።»

ፖሊሶቹ ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። ልጅቷ ያየችው የፖሊሶቹን ሳይሆን የኔን ሳቅ ነው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሩ ተዘጋ። እሷ ብርድ ልብሷ ላይ አጥሩ ሥር ተቀመጠች፤ እኔ አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁ።

መስከረም ላይ አቶ ጴጥሮስ የትምህርት ቤቱን የባዮሎጂ መጽሐፍ ይዘው ቢሮዬ መጡ። በላስቲክ ጠቅልለውታል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና ቀስ ብለው፣ እንደተለማመዱት እያስታወቀባቸው ተናገሩ።

«ልጄ ትንቢት ትባላለች» አሉኝ። «ከእንግዲህ አትመጣም። አግብታለች።»

አንድ ፊደል አልሳቱም። መጽሐፉን ተቀብዬ፣ ቀና ሳልል፣ መዝገቡ ላይ «ተመልሷል» ብዬ ጻፍኩ።