ድንበሩ ሲቆም የት ነበርሽ

አሰፋሽ ባሏን ቦልቴን የቀበረችው በ1998 ዓ.ም.፣ መሬት ለካዮቹ ሜትራቸውን ይዘው ሰፈሩ በገቡበት ሰሞን ነው። ዕድል ሲጠም እንዲህ ነው። ከገሱባ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው በዚያ መንደር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ለቅሶው ሳያበቃ ደጅ ከታየች የሰው አፍ አያስቀምጣትም። ስለዚህ ቤት ተቀመጠች።

የሟች ታናሽ ወንድም ጦና በበሩ ብቅ ብሎ፣ «አንቺ አትልፊ፤ ድንበሩን እኔ አስቆምልሻለሁ» አላት። እሷም አምና መረቀችው። ያ ምርቃት እስካሁን ያንገበግባታል።

የጓሮውን እንሰት ከሙሽርነቷ ጀምሮ በገዛ እጇ የተከለችው፣ ፍግ ተሸክማ ያሳደገችው እሷ ናት። ቦልቴ በሬ እንጂ እንሰት አያውቅም ነበር። ልጅ አልወለደች፣ ከዚያ ጓሮና ከጎጆዋ ሌላ መግቢያ የላትም።

ከወራት በኋላ የይዞታ ደብተሩ ቀበሌ ሲታደል፣ ጥቁሯን እንደለበሰች ሄደች። መዝጋቢው ወጣት ገጹን ገልጦ፣ «ይኸው እናቴ፣ ስምሽ አለ» አላት። ደስ አላት። ፊደል ስላልቆጠረች አንብብልኝ አለችው።

«ባለይዞታ፣ ጦና። ሚስት፣ አሰፋሽ።»

ወደ ደብተሩ ጎንበስ አለች። «የማን ሚስት?»

«የወንድሜን ሚስት ወርሻለሁ ብሎ ነው ያስመዘገበው። ድንበርተኞቹም ፈርመዋል።»

«እኔ የእሱ ሚስት አይደለሁም። ፋቀው።»

ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሚስትነቱ ከተፋቀ አንቺም ከደብተሩ ትወጫለሽ፤ መሬቱ የተለካው በእሱ ስም ነው። ብትከሺም ድንበሩ ሲቆም የት ነበርሽ ይሉሻል» አላት።

የት ነበረች? ባሏን እያለቀሰች ነበር። ድንበርተኞቹም ያውቃሉ፤ ከፈረሙ በኋላ መጥተው አብረዋት አልቅሰዋል።

«ተወው» አለች።

ጦና ማዶ ሚስትም ልጆችም አሉት። ያም ሆኖ ደብተሩ በወጣ ሳምንት መጥቶ በሯን ገፋ። ቀረቀረችበት። ሦስት ወር ሙሉ ቀረቀረችበት። በአራተኛው ወር ገጀራ ይዞ ጓሮ ገባና እንሰቱን ከዳር መጣል ጀመረ። ሦስተኛው ግንድ ሲወድቅ ከፈተችለት።

እንሰቱ ዛሬም አለ፤ ፍጉንም እሷው ትሸከማለች። ገበያ ስትወጣ «የጦና ሚስት» ብለው ይጠሯታል። መጀመሪያ ሰሞን ዞራም አታይ ነበር። አሁን አቤት ትላለች።