የጊታሩን ስም የፋቁ ሰዎች

ዛሬ ጧት ከበረንዳዬ የቤንዚን ሽታ መጣብኝ። ቤንዚን ለሌላው ሰው የመኪና ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የዘፈን ሽታ ነው። እዚሁ ንፋስ መውጫ፣ ገና መብራት ባልገባበት በደርግ ጊዜ፣ የአውራጃው ኪነት ቡድን ጄኔሬተር ሲነሣ ያ ሽታ ቀድሞ ሰፈሩን ያዳርሰው ነበር። ከሽታው ኋላ ጊታሩ ይሰማል። ጊታሩን የያዘው ጋሼ ልሣኑ ነው።

ወጥቼ ሳይ ልጄ ሙሉቀን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጊታሩን እንደ ታመመ ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኝቶታል። በአንድ እጁ ቤንዚን የነካ ጨርቅ፣ በሌላው ምላጭ ይዟል። ከጊታሩ ራስ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ምልክት ሊፍቅ ነው። ምልክቱ እንደ ክንፍም እንደ ቀንድም ያለ ብርማ ነገር ነው፤ ከሥሩ የፈረንጅ ፊደል አለው። የሰፈሩ ጎረምሶች ስልክ ላይ አየን ብለው የሰይጣን ቀንድ ነው አሉት። መናኸሪያ አስቁመው፣ «አርብ ገበያ ሠርግ ልትጫወት ስትሄድ ይኼን ሳትፍቅ ብናይህ፣ ራስህ ላይ ነው የምንሰብረው» ብለውታል። መሄጃው ደግሞ ዛሬ ነው።

ፋቀው ብዬ የለመንሁት እኔው ነኝ። እናት ነኝ፤ እፈራለሁ። ልጄ በሰላም ወጥቶ በሰላም ይግባልኝ እንጂ የአንድ እንጨት ምልክት ለእኔ ምኔ ነው ብዬ ነበር። ሽታው ሲመጣብኝ ግን በር ላይ ደርቄ ቀረሁ።

«ምነው ቆምሽ እማዬ? አንቺ አይደለሽ ፋቀው ያልሽኝ?»

«እኔ ነኝ። ቆይ ግን፣ አንድ ሰው ትዝ አለኝ» አልሁት።

ጋሼ ልሣኑ እናቴ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየ ሰው ነበር። ሙሉ ስሙ ልሣነወርቅ ነው። ያደገው እዚሁ አገራችን ባለው የድጓ ደብር፣ ቤተ ልሔም ነው፤ ለምዱን ደርቦ፣ ከየደጁ ለምኖ፣ ድጓ ሲማር የኖረ የቆሎ ተማሪ። ትምህርቱን ሊፈጽም ጥቂት ሲቀረው አባቱ ሞቱበትና ታናናሾቹን ሊያበላ ወደ ከተማ ወጣ። ድምፁን የሰማ ሁሉ ዞር ብሎ ያየው ነበርና ኪነት ውስጥ ከተቱት። ግባ ሲሉት አልገባም የሚባልበት ዘመን አልነበረም። በዚያው ሰሞን ከወደ ትልቁ ከተማ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጊታር ተላከ፤ የሚችለው ሰው ጠፋ። «ዜማ የሚያውቅ ሰው ሽቦ አያቅተውም» ብለው ለእሱ ሰጡት። እሱም ሬዲዮ እያዳመጠ፣ ጣቱ እስኪቆስል እየታገለ ለመደው።

ጊታሩ እንደ በሰለ በርበሬ ቀይ ነው። ራሱ ላይ ቀጫጭን የብረት ፊደሎች ተደርድረው ተጣብቀውበታል። ጋሼ ልሣኑ ማታ ማታ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ጓሮ ስትገባ፣ ደጁ ላይ ተቀምጦ ያለ መብራት ይነካካዋል። መብራት የሌለው የመብራት ጊታር ድምፁ ስስ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚያካፋ ዝናብ። እኔና እኅቶቼ ትንፋሻችንን ውጠን ካላዳመጥን አይሰማም። የኪነቱን መዝሙር ሲለማመድ ቆይቶ ሳያስበው ወደ ድጓው ዕዝል ዜማ ይገባል። ከዚያ ደንገጥ ብሎ ግራ ቀኙን ያይና ተመልሶ ስለ አብዮት ይመታል።

መንደርተኛው ይቀልድበት ነበር። ከበሮ መቺው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ፣ «መሪጌታ፣ ክራርህ ዛሬ ቤንዚን ጠጣች?» ይለዋል።

«ትጠጣለች፤ እንደ አንተ ሰክራ ሜዳ አታድርም እንጂ» ይላል እሱ፣ ቀና ሳይል።

ከልምምድ በፊት እነዚያን ፊደሎች በጋቢው ጫፍ ይወለውላቸዋል። አንድ ቀን ምን እንደሚሉ ጠየቅሁት።

«የሠራው ሰው ስም ነው።»

«ታውቀዋለህ ጋሼ?»

«ከየት አውቀዋለሁ ብለሽ ብርቄ? ባላውቀውም ሠርቶታል። እኛ ዘንድ ብራና የጻፈ ሰው ከመጨረሻው ላይ ስሙን ያኖራል። ከሥሩ ደግሞ ውግዘት አለ፤ ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ለይኩን። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ስም የፋቀና መጽሐፍ የሰረቀ እኩል ናቸው።»

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም። ከግዕዝ የማውቀው ይችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሷንም በጆሮዬ ነው የያዝኋት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቡድኑ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ይለማመዳል። እኛ ልጆች እንደ ወትሯችን መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለናል። በጋው የጠና ነበር፤ ከአዳራሹ አቧራ፣ ላብና የቤንዚን ሽታ ይወጣል። ከላይ የመጣ ካድሬ ገባ። ኮቱን በትከሻው ጣል አድርጎ ሁሉንም ዞሮ ካየ በኋላ ጊታሩ ዘንድ ቆመ።

«ይኼ የማን ስም ነው?»

«የሠራው ሰው ነው ጓድ።»

«የኢምፔሪያሊስት ስም ነው። በአብዮቱ መድረክ ላይ የኢምፔሪያሊስት ስም ይዘህ ትቆማለህ? ፋቀው።»

ጋሼ ልሣኑ ጊታሩን ከአንገቱ አወለቀ። «ጓድ፣ ዝፈን ካላችሁኝ እዘፍናለሁ። ስም ግን አልፍቅም። ያደግሁት ቤተ ልሔም ነው፤ ስም የፋቀ ውጉዝ ነው።»

«አብዮት ውግዘት አይፈራም።»

«እንግዲያው አብዮቱ ይፋቀው» አለና ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ከኪሱ የጢም ምላጩን አውጥቶ አጠገቡ አኖረው።

ከዚያ የሆነውን ዓይኔ አይቷል። ካድሬው ወደ ከበሮ መቺው ዞረና «አንተ ፋቅ» አለው። ያ ሲደልቅ የዋለ ሰው፣ «እጄን አሞኛል ጓድ» አለ። አኮርዲዮን ወደሚጫወተው ዞረ፤ እሱም «አባቴ ቄስ ናቸው፣ ቢሰሙ ይሞታሉ» አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ተራው ሲደርስ፣ ስብሰባ ላይ እግዚአብሔር የለም እያለ የሚጮኸው ሊቀመንበር፣ እጁን ወደ ካኪው አንገትጌ ሰደደ። ከሥሩ ማተቡ እንዳለች ሁላችንም እናውቅ ነበር። «ነገ ጧት ብናስፈቀው አይሻልም?» አለ። ምላጩ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ያንን ሁሉ መፈክር የሚያሰማ አዳራሽ፣ ስም መፋቅ ሲመጣ የደብተራ ቤት ሆኖ ቀረ።

በመጨረሻ ካድሬው ራሱ ከኪሱ ቢላ አውጥቶ ፈነቃቀላቸው። ፊደሎቹ አንድ በአንድ መሬት ላይ ጠብ ጠብ አሉ። ሲጨርስ ጊታሩን ከፍ አድርጎ አሳየ። ያኔ ነው ጉዱ። ቀለሙ በዘመን ብዛት ደብዝዞ ኖሮ፣ ፊደሎቹ ከተነሡበት ግን ደማቁ ቀይ እንዳለ አለ። ስሙ ከቀድሞው ይልቅ ጎልቶ ይነበባል። ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋን ማፈን አቃታት፣ እሷን ተከትሎ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ጋሼ ልሣኑ ብቻ አልሳቀም።

ሴትዮዋን ማንም ምንም አላላት። ሊቀመንበሩን ማንም ምንም አላለው። የሳቁን ዕዳ የከፈለው ያልሳቀው ሰው ነው። ሳምንት ሳይሞላ ጋሼ ልሣኑን ለዘመቻ ወሰዱት። እናቴ ቀበሌ ድረስ ሮጣ፣ «ይኼ ሰው ዕድሜው ያለፈ፣ ታናናሾቹን የሚያሳድግ፣ ምን አጠፋ?» አለች።

«ግዳጅ ነው፣ እትዬ። አርፈሽ ብትገቢ ላንቺም ለልጆችሽም ይሻላል» አላት ሊቀመንበሩ።

እናቴ አርፋ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ አርፋ እንደገባች ኖረች። እኛንም፣ አትናገሩ፣ ቀና አትበሉ፣ ያሏችሁን አድርጉ እያለች አሳደገችን። ጋሼ ልሣኑ መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ብርድ ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ ጓሮውን ጠራርጎ፣ የክፍሉን ቁልፍ ለእናቴ በሁለት እጁ ሰጥቶ ወጣ። በአንዲት ምልክት ምክንያት። ተመልሶ አልመጣም። ሞተ ብሎ ያረዳን የለም፤ አለ ብሎም የነገረን የለም። ታናናሾቹን ዘመድ ወደ እስቴ ወሰዳቸው፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን አልሰማሁም።

ጊታሩንስ ምን አደረጉት? ስሙ አልጠፋ ሲላቸው ቀይ ቀለም ለቅልቀው ኮከብ ሣሉበት። መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ሌሎች መጡና ኮከቡን ፋቁ። አንድ ጊዜ አዳራሹ ማዕዘን ውስጥ ከአሮጌ ወንበር ጋር ተጥሎ አየሁት፤ ሽቦ የለው፣ ቁልፍ የለው። ራሱ እየተፋቀ እየተፋቀ ጎድጉዷል። የመጣ ሁሉ ፋቀ። አንድ ዘፈን እንኳ ያወጣበት የለም። መፋቅ ሥራ ይመስላቸዋል። የሚሠራ ሰው ጠፍቶ በሚታመስ አገር፣ ሌላው የሠራውን ለመፋቅ ሰልፉ ረጅም ነው።

እኔን የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው። የወፍጮው ሞተር ላይ የፈረንጅ ስም አለ፤ ዱቄቱን ሁላችን እንበላለን። የባጃጁ ግንባር ላይ ምልክት አለ፤ እየተሳፈርን ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን። የመድኃኒቱ ብልቃጥ፣ የጄሪካኑ ቂጥ፣ የጫማው ሶል ምልክት ያልተመታበት የለም። ሰይጣን ይኼን ሁሉ ትቶ የእኔን ልጅ ጊታር ነው የመረጠው?

ይኼን ሁሉ ለሙሉቀን በረንዳው ላይ ነገርሁት። ምላጩን እንደያዘ ሰማኝ። ገና አልጀመረም ነበር፤ ቤንዚኑን አንዱን ጫፍ ብቻ አስነክቶታል።

«ታዲያ ምን ላድርግ እማዬ? እንዳልፍቅ የእኒያ ሰው መጨረሻ እንደነገርሽኝ ነው። ልፋቅ ብልም አሁን እጄ አይሄድም።»

እውነቱን ነው። ያው ታሪክ ፋቀውም ይላል፣ አትፋቀውም ይላል። እኔ እስከ ዛሬ የሰማሁት አንዱን ብቻ ነበር፤ የእናቴን።

«ተወው» አልሁት። «ነጠላዬን ላድርግ፤ አብሬህ እወጣለሁ።»

መናኸሪያ ስንደርስ ጎረምሶቹ እንዳሉት ቆመዋል። ፊተኛው ደሳለኝ ነው፣ የጎረቤቴ ልጅ፤ ሲወለድ ገንፎውን ያገነፋሁት እኔ ነኝ። ሙሉቀን የጊታሩን ከረጢት እንዳዘለ ከኋላዬ ነው።

«እትዬ ብርቄ፣ ደኅና አደሩ? ፋቀው?»

«አልፋቀም። አትፋቅ ያልሁት እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ የሰይጣን ምልክት እኮ ነው። ስልክ ላይ ከነማስረጃው አለ።»

«ስልክህን አምጣው እስቲ» አልሁት። ሰጠኝ። ገልብጬ ጀርባውን አሳየሁት። «ይኼስ ምልክት የማን ነው? የገብርኤል ነው? መጀመሪያ ይኼን ፋቀው። ከዚያ የጫማህን፣ ከዚያ ያንን የተደገፍኸውን ሚኒባስ። እሱን ስትጨርስ ና፤ ጊታሩን እኔ አቀብልሃለሁ፣ በገዛ እጅህ ትፍቀዋለህ። የምትፍቀው ግን ሠርቶ ስሙን ያኖረ ሰው ስም ነው፤ ይኼ የቤተ ልሔም አገር ነው፣ ስም የፋቀ ምን እንደሚባል ሂድና ደጀ ሰላም ጠይቅ።»

«እኔ እንኳ የፈራሁት ለእርስዎ ልጅ ብዬ ነው» አለ ደሳለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለልጄ የምፈራ እኔ አለሁ። ላንተ አልተረፈም።»

ከጎኑ ያለው ልጅ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። የሚኒባሱ ረዳት «አርብ ገበያ፣ የሞላ!» እያለ ይጣራል። ሙሉቀን ገብቶ ተቀመጠ፤ ከረጢቱን ጉልበቱ መካከል አቆመ። ማንም አልነካውም። ዛሬ አልነካውም። ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው አላውቅም፤ ደሳለኝ ዛሬ ያፈረውን ነገ ይበቀል እንደሆነ አላውቅም። መኪናው ጠመዝማዛው ላይ እስኪሰወር ድረስ ቆምሁና ወደ ቤቴ ዞርሁ።

ግማሽ መንገድ ላይ መሄድ አቃተኝ። አንድ ሰው ደጅ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ፍርሃቱ ያኔ ደረሰብኝ፤ ነጠላዬን እንኳ ማስተካከል አቃተኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጋሼ ልሣኑን ሁልጊዜ ሳስበው የማይፈራ ሰው ይመስለኝ ነበር። ልጅ ሆኜ በመስኮት ሳየው ምኑን አውቄ። ምላጩን ጠረጴዛው ላይ ያኖረው ይዞ መቆየት አቅቶት ይሆናል፤ እንደኔው ፍርሃት ይዞት፣ ታናናሾቹ ዓይኑ ላይ ሄደው ይሆናል። ፈርቶም ግን አልፍቅም አለ።

መቃብሩን አላውቀውም። ፎቶ የለኝም። ከእሱ የቀረልኝ ይኼው ነው፤ ፈሪ ሰውም እምቢ ማለት እንደሚችል። ትንሽ ዐረፍ ብዬ ተነሣሁ።