በበዓሉ ጠዋት የቆመው ማሽን

ፊውዝ ይሉታል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጡለት ግን ፊታቸውን አይቶ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። የኤሌክትሮኒክስ ፍቅር የያዛቸው ሰዎች የሚገናኙበት የኢንተርኔት መድረክ ውስጥ የገባው ገና ጢሙ ሳይሸብት ነበር። መጀመሪያ የገጣጠመው ሬዲዮ የቤቱን ፊውዝ አቃጥሎ መድረኩን ሙሉ ስላሳቀ ስሙ በዚያው ጸና።

እዚያ የቆየ ልማድ አለ። በዓል ሲደርስ ማንም የተበላሸ ዕቃ ወሬ አያነሳም፤ ሁሉም ዓመቱን ሙሉ የረዳውን ሰው ያመሰግናል። ፊውዝም በዚያ ጠዋት ስልኩን ይዞ ሁሌ ለሚረዱት የመድረኩ አዛውንት «ለጋሼ ሞገድ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ» ብሎ መጻፍ ሲጀምር፣ ከመኝታ ክፍሉ የሚመጣው የሞተር ድምፅ ተለወጠ። እምምም ብሎ ቀረ።

«እትዬ!»

ታላቅ እህቱ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ሳንባዋ ከደከመ ወዲህ የምትተነፍሰው ኦክስጅን በሚሰጣት ማሽን ነው። ሮጦ ሲገባ ከንፈሯ መጥቆር ጀምሯል። ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ የመጠባበቂያውን ሲሊንደር ከፈተላት። የሲሊንደሩ ጠቋሚ መርፌ ማለቁን የሚያሳየውን ቀዩን ክልል ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ምነው... ፊትህ አመድ መሰለ?»

«ምንም አልሆንኩም። አታውሪ፣ ትንፋሽሽን ቆጥቢ።»

ሆስፒታል ደወለ። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ሊያመጣ ወጥቷል፤ እንደተመለሰ እንልካለን አሉት። ጠጋኞቹ ሁሉ ለበዓል ዘግተዋል። ያኔ ከምስጋናዎቹ መሃል እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ይቅርታ፣ በዓላችሁን ልበጠብጥ ነው። የእህቴ የኦክስጅን ማሽን ቆመ። ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም።»

ምስጋናው ቀጥ አለ። ቀድማ የመለሰችው ፒንሳ የሚሏት ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ናት። «አምቡላንስ ጠርተሃል?» ጠርቶ እየጠበቀ መሆኑን ነገራት። «እንግዲያው ክፈተውና ፎቶ ላክ።»

ላከ።

«ያ ጣሳ የመሰለው፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር፣ አብጧል። እሱ ነው ጉዱ።»

ወዲያው ስልኩ ጠራ። ጋሼ ሞገድ ነበሩ። ስንት ዓመት ሲጻጻፉ ድምፃቸውን ሰምቶ አያውቅም፤ ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ ነበር።

«ስማኝ ልጄ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለህ? እሱም ውስጥ እንዲህ ያለ አለ። የሁለቱንም ቁጥር አንብብልኝ።»

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ማጠቢያውንም ፈታታና አነበበ።

«ጋሼ፣ ይሆናል?»

«አታጣድፈኝ! እኔ ብሳሳት የምትጎዳው እሷ ናት።» ቁጥሮቹን ለራሳቸው ደገሙ። «ይሆናል። ለጊዜው ያስኬዳል። ግን ከመንካትህ በፊት እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ካቻቢቴ ሁለቱን ጫፎች አገናኛቸው። ቢነቀልም የያዘውን ኤሌክትሪክ አይለቅም። በበዓል ቀን ለቅሶ አታስቀምጠኝ።»

ጫፎቹን ሲያገናኝ ብልጭ አለ። አንዷ ብሎን ከጣቱ አምልጣ አልጋ ሥር ገባች። ተንበርክኮ ሲፈልግ ቀና ቢል መርፌው ቀዩ ውስጥ ገብቷል፤ እህቱ ዓይኗን ጨፍናለች።

«እትዬ?»

አንድ ጣቷን አነሳችለት። ብሎኗን ትቶ የማጠቢያውን ካፓሲተር ከሽቦዎቹ ጋር አገናኘ፣ ሸፈነ፣ ማሽኑን ሰካ።

እምምም... ከዚያ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ።

«ዞረ! ግን ጋሼ፣ መብራቱ ቢጫ ነው!»

«ኦክስጅኑ እስኪጠራ ነው። ሲሊንደሩን እንዳትነቅልባት!»

የሲሊንደሩ ፉጨት እየሰለለ ሄደ። ፊውዝ ዓይኑን ከመብራቱ ላይ አልነቀለም። አረንጓዴ ሲሆን ቱቦውን አዛወረላትና መሬት ላይ ዘጭ አለ። ቀስ በቀስ የከንፈሯ ቀለም ተመለሰ።

አምቡላንሱ ሲደርስ ነርሷ የእህቱ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰክታ ደህና መሆኗን አየች። ሙሉ ሲሊንደር ተወችላቸው። «ነገ ሌላ ማሽን ይመጣል፤ እስከዚያ ከአጠገቧ እንዳትለይ» ብላ ሄደች።

«ሰውዬው አሁንም አሉ?» አለች እህቱ። ስልኩን ወሰደች። «ጋሼ፣ ወንድሜን የሽቦ ሱሰኛ እያልኩ ስሰድበው ነው የኖርኩት። እናንተንም አልማርኳችሁም። ይኸው እየተነፈስኩ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሽማግሌው አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ተሰማ። «ምንም አይደል የኔ እመቤት። በሉ በዓላችሁን አክብሩ፣ ልዝጋው።»

«ቤት ማን አለ ከእርስዎ ጋር?»

«ሬዲዮኖቼ አሉ።»

«እንግዲያው አይዝጉት። ምሳዎን ያቅርቡ፣ እኛም እናቀርባለን።»

ፊውዝ ስልኩን የውሃ ብርጭቆው ላይ አስደግፎ ሳህኖቹን ወደ መኝታ ክፍሉ አመጣ። ከወዲያ ወንበር ሲጎተት፣ ቀጥሎም ማንኪያ ከሳህን ጋር ሲጋጭ ተሰማ።