እሁድ እሁድ የሚታመመው ኮምፒውተር

መምህር ከፍያለው በመካነ ኢየሱስ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል። የራይንን ወንዝ ከአልፕስ ተራሮች አስነስቶ ሰሜን ባሕር እስኪያስገባው ድረስ በጠመኔ ያልሣለበት ሰሌዳ የለም። እሱ ራሱ ግን ከባሕር ዳር አልፎ የሄደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ለስብሰባ። እንዲህ ያለ ሰው በሃምሳ አራት ዓመቱ የጌም ኮምፒውተር ባለቤት ሆነ ቢባል ማን ያምናል? ባልደረቦቹም አላመኑም፤ ቤቱ ድረስ መጥተው፣ በዓይናቸው አይተው ነው የተቀበሉት።

ነገሩን ያመጣችው ልጁ ልደት ናት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪ ነች። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ስትመጣ ዕቃውን አንድ በአንድ ከአዲስ አበባ ለቃቅማ፣ በልብሶቿ መሀል ጠቅልላ፣ በደብረ ታቦር በኩል በአውቶቡስ ይዛው መጣች። አባትና ልጅ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቀን ተደፍተው ገጣጠሙት። የከፍያለው ድርሻ ብሎን ማቀበል ነበር። እስከ ዛሬ ግን «እኔና ልደት የሠራነው» ነው የሚለው፤ ይበል፣ ብሎን ማቀበልም ሥራ ነው።

ጨዋታቸው የጭነት መኪና መንዳት ነው። በየሳምንቱ እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እሱ ከመካነ ኢየሱስ፣ እሷ ከጅማ በኢንተርኔት ተገናኝተው በሰው አገር አውራ ጎዳና ላይ ተከታትለው ይነዳሉ። በስልክ ሲደዋወሉ «ደህና ነሽ?»፣ «ደህና ነኝ»፣ «ትምህርትስ?»፣ «ጥሩ ነው» ከተባባሉ በኋላ ወሬ ያልቅባቸዋል። መሪ ሲይዙ ግን አንደበታቸው ይፈታል። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ልደት ስለሚያስፈራት ፈተናም፣ ስለተቀየመቻት ጓደኛዋም፣ ሌት ስለምታስበው ነገርም ሳትጠየቅ ታወራዋለች። ከፍያለው ልጁ ርቃ ከሄደች ወዲህ እውነተኛ ጨዋታ የሚጫወተው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ያቺን ሰዓት የነካበት ሰው ጠላቱ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ኅዳር ላይ መጣ። ማብሪያውን ቢጫነው ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቀረ፤ ከውስጡ ሦስት ጊዜ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ ወጣና ዝም አለ። ከፍያለው ክው ብሎ ስልኩን አነሳ።

«ልደቴ፣ ሞተብን!»

«ስንት ጊዜ ጮኸ፣ አባዬ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ራሙ ነው። መጀመሪያ ከሶኬት ንቀለው። ከዚያ ያቺን ረዘም ያለች ቀጭን ካርድ አውጣትና ቢጫውን ጫፏን በላጲስ ጥረገው።»

ላጲስ! ሃያ ስድስት ዓመት ከሸሚዝ ኪሱ ተለይታው የማታውቀውን ላጲስ አወጣ፤ ጠረገ፤ ቀጭ እስክትል ድረስ መልሶ ሰካ፤ ኮምፒውተሩ ተነሳ። በማግስቱ መምህራን ክፍል ውስጥ ይህን ወሬ ያልሰማ የለም፤ ሁለት ጊዜ የሰማም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፍያለው አንድ ደብተር ለኮምፒውተሩ መድቦ፣ ሽፋኑ ላይ «ሕመሙና ሕክምናው» ብሎ ጻፈበት።

ሁለተኛው ሕመም ግን በላጲስ የሚለቅ አልነበረም። ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ ኮምፒውተሩ በሰላም ይነሳና ሃያ ደቂቃ ያህል እንደነዱ መንቀራፈፍ ይጀምራል። መኪናው አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ደግሞ ይዘላል፤ በመጨረሻ ስክሪኑ ድርግም። ልደት እዚያ መንገድ ዳር አቁማ ትጠብቃለች። «መጣህ?»፣ «መጣሁ»፣ «ጠፋህ እኮ»፣ «ቆይ ላስነሳው»። ወሬያቸው ሁሉ ይህ ሆነ።

ከፍያለው ፈተና እንደሚያርም ሰው ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ አንድ በአንድ ወረደበት። መብራቱ እየዋዠቀ እንደሆነ ብሎ በስታቢላይዘር ሞከረ፤ ኤክስ። የኮምፒውተር አስተማሪው ምንተስኖት «ጋሼ፣ ፎርማት ያድርጉት» አለው፤ ይኼ ልጅ በፎርማት የማይድን ነገር ያለ አይመስለውም። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶ ፎርማት አደረገው፤ ኤክስ። ልደት «ሙቀት ይሆናል፣ ክፈተውና አቧራውን ጥረገው» አለችው። ከፍቶ በለስላሳ ብሩሽ ጠረገው፤ ክፍቱን እንዳለ ለአንድ ሰዓት ቢነዳው ልክ እንደ አዲስ ሆነ። «ዳነ!» ብሎ ገጠመው። እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ በሃያ ደቂቃው ድርግም።

«ሐኪም ሲያይ የሚሻለው በሽተኛ እኛም ጋ ሞልቷል» አለችው ሚስቱ እጅጋየሁ እየሳቀች። እሷ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት።

እሱ ግን ሳቅ አልመጣለትም። በሆሳዕና ዕለት ልደት ቀስ ብላ «አባዬ፣ ካስቸገረህ ለጊዜው ይቅር። እኔም ፈተናዬ እየደረሰ ነው» አለችው። ለእሱ አዝና የተናገረችው እንደሆነ አውቋል። ቢሆንም ለጊዜው የቀረ ነገር እንዴት ለዘለቄታው እንደሚቀር በዕድሜው አይቷል።

የትንሣኤ ሰሞን እጅጋየሁ ቤቱን ገልብጣ አጠበች፤ መጋረጃው፣ የሶፋው ልብስ፣ ዳንቴሉ ሁሉ ገመድ ላይ ወጣ። በበዓሉ ቀን ከፍያለው ተስፋ ሳያደርግ አስነሳው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ነዱ። ኮምፒውተሩ አንዴም አልቆመም። ደብተሩ ላይ «ዛሬ ምንም አልተደረገለትም፤ ዳነ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሦስት ጊዜ አሰመረበት። በሳምንቱ፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ ያው ሃያ ደቂቃ ሲደርስ መንቀራፈፍ ጀመረ። ከፍያለው ተናዶ የኮምፒውተሩን ጣራ በመዳፉ ሊመታው ሲል እጁን ያዝ አድርጎ ላዩ ላይ አሳረፈው። መዳፉ ሥር እጅጋየሁ ያለበሰችው ዳንቴል ነበር፤ እንደ ትኩስ ዳቦ ይፋጃል።

እዚህ ላይ ከፍያለውን ሞኝ የሚለው ካለ በመካነ ኢየሱስ አንድ ሳሎን ይግባና ይይ። ቴሌቪዥኑም፣ ራዲዮኑም፣ ፍሪጁም ዳንቴል ለብሶ ነው የሚኖረው። ያልለበሰ ዕቃ ባለቤት የሌለው ይመስላል። የራሱን ሸሚዝ ልብ የማይለው ሰው ዳንቴሉን እንዴት ልብ ይለዋል? ለምርመራ ሲከፍተው ገልጦ ወዲያ ያስቀምጠዋል፤ እጅጋየሁ መልሳ ታለብሰዋለች። እሁድም የፊቱን ብቻ ወደ ላይ ገልቦ ያስነሳዋል፤ ጣራው ላይ ያለው ማራገቢያ ግን ሙቀቱን የሚያወጣበት አጥቶ ይታፈናል። በትንሣኤ ዕለት የዳነው ዳንቴሉ ታጥቦ ገና ስላልደረቀ ነበር።

ደብተሩን አወጣና «ምክንያቱ፦ ዳንቴል» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ሰረዘውና «ሙቀት» አለው። ምክንያቱም ዳንቴሉን ያውቀዋል። ታኅሣሥ ላይ፣ በዙሪያው ገበሬው እህሉን ሲወቃ ነፋሱ ገለባና አቧራ ወደ ከተማው ሲነዳ፣ «ይኼ አቧራ ኮምፒውተሬን ሊገድለው ነው» ብሎ ያማረረው እሱ ራሱ ነበር። እጅጋየሁ በማግስቱ ነጭ ክርና ኪሮሿን ይዛ ቢሮ ገባች። ካርድ ፈላጊ ፋታ ሲሰጣት፣ ከእራት በኋላ ዓይኗ እስኪደክም፣ ሁለት ወር ሠራችው፤ የወይን ዘለላ ያለበት፣ ዳር ዳሩ ሰማያዊ። ይህን የሠራ እጅ ፊት «የገደለው ያንቺ ዳንቴል ነው» ማለት አልሆነለትም።

ስለዚህ ሌብነት ጀመረ። እሁድ እሷ ወጥ ቤት ስትገባ ዳንቴሉን ገፍፎ ሶፋው ሥር ይደብቅና ሲጨርስ ያለብሰዋል። እንዲያ እያለ ሁለት እሁድ በሰላም አለፈ። በሦስተኛው እጅጋየሁ ከወጥ ቤት ጨርሳ ስትወጣ ዳንቴሉን ሶፋ ሥር ተጠቅልሎ አገኘችው።

«ይኼ ምን በደለህ?»

መምህሩ እንደ ሰነፍ ተማሪ አንገቱን ደፋ። ሌላ መንገድ ስላልነበረው እውነቱን ነገራት፤ ማራገቢያውን እየነካ፣ ሙቀቱ በየት እንደሚወጣ እያሳየ። እጅጋየሁ ዳንቴሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችው። ሲጨርስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እና ጾሙን ሙሉ ልጄን መንገድ ላይ ያስቆምኳት እኔ ነኝ?»

«ኧረ እጅጋየሁ፣ አንቺ ምን አውቀሽ...»

«እናንተ ስትነዱ እኔ ድምፅዋን ከወጥ ቤት ነው የምሰማው። ምን እንደምታወሩ እንኳ አይሰማኝም። ቢያንስ እጄ ያረፈበት ነገር እናንተ ጋ ይኑር ብዬ ነበር።»

ከፍያለው ስምንት ወር ሙሉ በዚህች ሳሎን ሲነዳ አንድም ቀን «ነይ፣ ተቀመጪ» አላላትም። ተነሥቶ ከምግብ ጠረጴዛው አንዱን ወንበር አመጣና ከራሱ አጠገብ አደረገው። ዳንቴሉን ከእጇ ተቀብሎ፣ የወይኑ ዘለላ ወደ ፊት እንዲታይ አስተካክሎ፣ መደገፊያው ላይ ዘረጋላት።

በሚቀጥለው እሁድ ስምንት ሰዓት ሲሆን ልደት «አባዬ፣ ዛሬስ እንዴት ነው?» አለች።

«ተሽሎታል። እናትሽም አጠገቤ ናት።»

«እማዬ? እማዬ እየሰማችኝ ነው?»

እጅጋየሁ ወደ ማይኩ ጎንበስ አለች። ስለ መንገዱም፣ ከድልድዩ ሥር ስለሚፈሰው ስለ ራይን ወንዝም አልጠየቀችም። «ምሳ በልተሻል ወይ?» አለች።

«አልበላሁም» አለች ልደት። «እሁድ እሁድ ካፌው ምሳ የሚሰጠው ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጨዋታችን እንዳያልፈኝ ብዬ እዘለዋለሁ።»

ከፍያለው ስለ ፈተናዋም፣ ስለ ጓደኛዋም ሰምቷል፤ መብላቷን ግን አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም።

«በይ አቁሚው» አለች እጅጋየሁ። «አባትሽም ያቆማል። ያለውን ፈልገሽ ብዪና ነይ። እኛ የትም አንሄድም።»

ሁለቱ መኪናዎች ወንዙ አጠገብ ዳር ይዘው ቆሙ። ከፍያለውና እጅጋየሁም ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ኮምፒውተሩ ጣራው ተገልጦ በእርጋታ እየነፈሰ፣ ልጃቸው በልታ እስክትመለስ ጠበቁ።